ከኮምፒውተር ጋር ቼዝ ስትጫወቱ ስንተኛው እርምጃ ላይ ትሰበራላችሁ?

ደብረ ማርቆስ ማታ ማታ ቼዝ የምንጫወትባት አንዲት ቡና ቤት አለች። ሰሌዳው ሁለት ነው፣ በአንዱ ሰሌዳ ዙሪያ ግን አምስት ስድስት ሰው ይቀመጣል፣ ከተጫዋቹ ይልቅ ተመልካቹ ያወራል። እዚያ የሚመጡ ልጆች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁኝ አይሄዱም። "ስቶክፊሽን ማሸነፍ ይቻላል?" ስቶክፊሽ ቼዝ የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

አይቻልም። ሙሉ ኃይሉን ለቅቃችሁበት፣ ሁለታችሁም በሙሉ ጦር ከጀመራችሁ፣ አይቻልም። እዚህ ላይ እንስማማና እንጀምር፣ ምክንያቱም ይህን ያልተቀበለ ሰው ሁለት ሳምንት ይሸነፋል፣ ይናደዳል፣ ከዚያ አፑን ከስልኩ ያጠፋዋል። እኔም አንዴ አጥፍቼዋለሁ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዘመኑ የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭ በ1996 ፊላደልፊያ ላይ ዲፕ ብሉ የተባለውን የአይቢኤም ማሽን 4 ለ 2 አሸንፎ ነበር። በዓመቱ፣ በ1997 ኒውዮርክ ላይ፣ 3.5 ለ 2.5 ተሸነፈ። ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቋም የሚያሰላ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን ነበር። በ2006 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላድሚር ክራምኒክ ቦን ከተማ ላይ ዲፕ ፍሪትዝ በተባለ ፕሮግራም 4 ለ 2 ተሸነፈ። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ የሚሠራው ስቶክፊሽ ከሁለቱም ይበልጣል። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግነስ ካርልሰን በ2014 የደረሰበት 2882 ሬቲንግ (የተጫዋች የጥንካሬ ነጥብ) በሰው ታሪክ ትልቁ ነው፤ ኢንጂን የሚባሉት የቼዝ ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚወዳደሩበት ዝርዝር ላይ ግን የስቶክፊሽ ቁጥር ከ3500 በላይ ነው። ሁለቱ ዝርዝሮች በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ ርቀቱን ለማየት ግን ይበቃሉ።

ታዲያ ለምን እንጫወተዋለን?

አጎቴ በልጅነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ጎጃም ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፣ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው ሩቅ የሚሰማ የቅኔ አገር ነው። አንድ ማታ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ስሸነፍ አዩኝና "ልጄ፣ ይኼ የምትታገለው ነገር ከአንተ ይበልጣል?" አሉኝ። "እጅግ ይበልጣል ጋሼ" አልኩ። "ስህተትህን ያውቃል?" "አንድም አያመልጠውም።" "እንግዲያ መምህር ነው እኮ። የቅኔ ተማሪ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ያዘጋጃል ማለት ነው፣ ማታ መምህሩ ፊት ይናገራል፣ ይታረማል። መምህሩን ሊያሸንፍ የሚሄድ ተማሪ አይቼ አላውቅም።"

ከዚያ ማታ ጀምሮ አጨዋወቴን ቀየርኩ። ከታች የምጽፈው ያኔ የጀመርኩትንና አሁን ከልጆቹ ጋር የምንሠራበትን መንገድ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ድሮይድፊሽ የሚባለውን አፕ አውርዱ። ነጻ ነው፣ ስቶክፊሽ ውስጡ አለ፣ አንዴ ከገባ በኋላ ኔት አይፈልግም። ይህ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ኔት የጠፋባቸውን ወራት የጎጃም ሰው አይረሳቸውም፤ ያኔ ሌላው አፕ ሁሉ ዝም ሲል ይህ ይሠራ ነበር። ኔት ያላችሁ ጊዜ ደግሞ ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ አለላችሁ። እሱም ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ስቶክፊሽን ከ1 እስከ 8 በተከፈለ ደረጃ ያጫውታችኋል።

ሁለተኛ፣ እውነተኛ ሰሌዳ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። ስልኩን ከጎን አስቀምጡት፣ እንጨቱን ወይም ፕላስቲኩን ሰሌዳ ፊታችሁ ዘርጉ፣ እርምጃውን መጀመሪያ እዚያ ላይ አድርጉና ከዚያ ስልኩ ላይ ንኩት። ጣት ከሐሳብ ይፈጥናል። ስልክ ላይ ብቻ የሚጫወት ሰው ሳያስብ ይነካል፣ ውድድር ላይ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ ደግሞ ዓይኑ ይጠፋበታል። ሰሌዳ ከሌላችሁ ካርቶን ላይ 64 ቤት አስምራችሁ የጠርሙስ ቆርኪ ላይ ስም ጻፉበት፣ እኔ የተማርኩት በእንደዚያ ዓይነቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። የሥራው ግማሽ ደብተሩ ነው።

አፑ ላይ ሁለት ነገር አስተካክሉ። ኮምፒውተሩ ሲያስብ የሚያሳየውን መስመር አጥፉት፣ ያንን እያዩ መጫወት መልሱን አጠገብ አስቀምጦ እንደመፈተን ነው። በእናንተ ተራም እንዲያስብ የሚያደርገው ምርጫ ከበራ እሱንም አጥፉ፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ መብራት በሌለበት ማታ ደግሞ ባትሪ ውድ ነው። ለአንድ እርምጃ አንድ ሰከንድ ስጡት። አንድ ሰከንድ አስቦም ከማናችንም በላይ ነው፣ ስልኩም አይግልም።

ዋናው ፈተና፦ የመሰበሪያ ቁጥር

ማሸነፍና መሸነፍ እዚህ ምንም አይነግራችሁም፣ ውጤቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ። የሚነግራችሁ ስንት እርምጃ ድረስ ቀጥ ብላችሁ እንደቆማችሁ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ሙሉ ኃይሉን ክፈቱት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥር ጨዋታ ተጫወቱ፣ አምስቱን በነጭ፣ አምስቱን በጥቁር። ለራሳችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ስጡ። መመለስ የለም፣ አንዴ የተነካ ተነካ። እያንዳንዱን እርምጃ ደብተር ላይ ጻፉ። ከስምንተኛው እርምጃ ጀምሮ ደግሞ ከእርምጃው አጠገብ አንድ ምልክት ጨምሩ፤ የተሻልኩ ከመሰላችሁ መደመር፣ እኩል ከመሰላችሁ እኩል ይሆናል፣ የባስኩ ከመሰላችሁ መቀነስ። ይህቺ ትንሽ ምልክት በኋላ ብዙ ታስተምራችኋለች።

በማግሥቱ ጨዋታውን ለኢንጂኑ አሳዩት። በማግሥቱ ነው ያልኩት። በዚያው ማታ ከሆነ ተናዳችሁ ነው የምታዩት። ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምራችሁ ኢንጂኑ ለእያንዳንዱ አቋም የሚሰጠውን የብልጫ ቁጥር ተከተሉ፣ ከ1.5 በላይ ወደ እሱ ያጋደለበትን፣ ከዚያም ተመልሶ ያልተስተካከለበትን የመጀመሪያ እርምጃ ፈልጉ። ያ የመሰበሪያ ቁጥራችሁ ነው። 11 ሊሆን ይችላል፣ 19 ሊሆን ይችላል። ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፉት።

ከቁጥሩ ጎን ምክንያቱን በሁለት ሦስት ቃል ጻፉ። "መክፈቻውን አላወቅኩም።" "ቼኩን አላየሁም።" "ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።" "ቸኮልኩ።" "ኢንድጌም"፣ ማለትም ጥቂት ጦር የቀረበት የጨዋታው መጨረሻ። ከዚህ በላይ አታራቅቁት።

አሥሩ ሲያልቅ አማካዩን ብቻ አትዩ፣ ምክንያቶቹን ቁጠሩ። ብዙ የምትማሩት እዚህ ላይ ነው። የእኔን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን አሥር ስጨርስ ሰባቱ የተሰበሩት ከ12ኛው እስከ 16ኛው እርምጃ ባለው ውስጥ ነበር፣ በሰባቱም ከቁጥሩ ጎን የተጻፈው "ምን እንደማደርግ ጠፋኝ" ነው። ፈረሶቼን አውጥቻለሁ፣ ቢሾፖቼን አውጥቻለሁ፣ ካስል አድርጌያለሁ፣ ከዚያ ባዶ። ባዶ ስሆን ደግሞ እጄ ሁልጊዜ የምትሄደው ከንጉሡ ፊት ወዳለው የኤች ወይም የጂ ወታደር ነበር፣ አንድ ቤት ገፋ አደርገዋለሁ፣ ምንም የማይጎዳ ይመስለኛል፣ ያንን ቀዳዳ ግን ኮምፒውተሩ አይረሳውም። ለዓመታት መክፈቻ ሳጠና ነበር። ችግሬ መክፈቻ አልነበረም! ሰው ሰባት ጊዜ ቢያሸንፈኝ ይህን አላየውም ነበር፣ ምክንያቱም ሰው ያንን ቀዳዳ አንዳንዴ ያልፈዋል፣ አንዳንዴ እሱም ይሳሳታል፣ ጨዋታው ወደ ሌላ ይሄዳል። ማሽኑ ግን ያንኑ ስህተት በየቀኑ ያንኑ ዋጋ አስከፈለኝ።

ምልክቶቹንም አትርሱ። መደመር እየጻፋችሁ ኢንጂኑ ግን መቀነስ ያየበት ቦታ ካለ፣ ያ ከተሳሳተ እርምጃ ይከፋል፤ አቋሙን በትክክል አላነበባችሁትም ማለት ነው። አንድ ከፍኖተ ሰላም የሚመጣ ልጅ ንግሥቱ ወደ ፊት በወጣች ቁጥር መደመር ይጽፍ ነበር። ንግሥት ወጥታ ስታስፈራራ ጥሩ ይመስለዋል። ደብተሩን አብረን ስናገላብጥ ነው እሱም የገባው።

እየተጫወታችሁ ሳላችሁ ሁለት ነገር ጠብቁ።

አንደኛው፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት "አሁን ምን ቼክ አለው? ምን መብላት ይችላል?" ብላችሁ ጠይቁ። የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ክራምኒክ ግን በዚያ የ2006 ግጥሚያ ሁለተኛ ጨዋታ ላይ ደህና እየተጫወተ ሳለ ንግሥቱን አነሣና በአንድ እርምጃ የሚያልቅ ቼክሜት ሳያይ ቀረ። የዓለም ሻምፒዮን ነው፣ በአንድ እርምጃ ነው። ከማይደክም ነገር ጋር ለሰዓታት መቀመጥ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ሁለተኛው፣ ቶሎ እጅ አትስጡ። ካስፓሮቭ በ1997 ሁለተኛው ጨዋታ ላይ እጁን ሰጠ፣ በኋላ አቋሙ ሲመረመር ግን በተደጋጋሚ ቼክ አቻ ሊያወጣ የሚችልበት መንገድ እንደነበረ ብዙ ተንታኞች አሳዩ። ማሽኑ አይቶታል ብሎ አመነው። እኛም እንደዚያው እናምነዋለን። መከላከልን ለመማር ከዚህ የተሻለ ተጋጣሚ የለም፣ ስለዚህ ቼክሜት እስኪሆን ወይም ጦራችሁ እስኪያልቅ ተቀመጡ።

ከጉባኤ ቃና መጀመር፦ ጦር ቀንሶ መጫወት

የቅኔ ተማሪ በመወድስ አይጀምርም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወደ ረዣዥሞቹ ይወጣል። ለዚህም ደረጃ አለው።

ኮምፒውተሩ ያለ ንግሥት እንዲጀምር አድርጉት። ሊቼስ ላይ ሰሌዳ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ንግሥቱን አንሡና "ከዚህ ቀጥል" በሉ፣ ድሮይድፊሽም ሰሌዳ ማስተካከያ አለው። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሩት። ቡና ቤታችን ውስጥ ጠንካራ የሚባሉት ሁለት ልጆች የመጀመሪያ ሙከራቸውን ንግሥት ተሰጥቷቸው ተሸንፈዋል። ምክንያቱ ችሎታ አይደለም፣ ብልጫ የያዘ ሰው ይዝናናል።

ብልጫ ሲኖራችሁ ሥራችሁ ሦስት ነው። ንጉሣችሁን ቶሎ ካስል አድርጉ። ጦር በጦር ቀይሩ፣ ሰሌዳው በሳሳ ቁጥር የእናንተ ብልጫ ይገዝፋል። የሚያምር ነገር አትፈልጉ። አንድ ወታደር መልሳችሁ ብትሰጡት እንኳ ጨዋታው ጸጥ የሚል ከሆነ ስጡት።

ከአራት ጨዋታ ሦስቱን ስታሸንፉ ወደ ሩክ ውረዱ። ከሩክ ወደ ፈረስ። ከፈረስ ወደ ወታደር። ብዙ ተጫዋች ሩክና ፈረስ መካከል ለወራት ይቆማል፣ እኔም እዚያው ብዙ ቆይቻለሁ፣ ጤነኛ ቦታ ነው። የወታደሩ ደረጃ ላይ ለመድረስ አትጨነቁ። በ2016 ከአሜሪካ ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ሂካሩ ናካሙራ ኮሞዶ ከሚባል ኢንጂን ጋር አራት ጨዋታ ገጥሞ ነበር፣ በየጨዋታው ትንሽ ብልጫ ተሰጥቶት። ሦስቱን አቻ ወጥቶ አራተኛውን ተሸነፈ፣ 2.5 ለ 1.5።

አንድ ነገር እወቁ። መደበኛው ስቶክፊሽ ፈረስ ጎድሎት ሲጀምር "ተጋጣሚዬ ሁሉንም በትክክል ይመልሳል" ብሎ ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ ወጥመድ ለመዘርጋት ብሎ ከመንገዱ አይወጣም፣ አንዳንዴ ሳይከራከር ጦር ይቀይርላችኋል። ሊላ የምትባለው ኢንጂን ግን ፈረስ ሰጥታ እንድትጫወት ተብሎ የተዘጋጀች ዓይነት አላት፣ ሊቼስ ላይ ትገኛለች። እሷ ጦር መቀየር ትሸሻለች፣ ጨዋታውን ታወሳስባለች፣ ፈጣን ጨዋታ ላይ ግራንድማስተሮችን ጭምር ፈረስ ሰጥታ ታሸንፋለች። ስቶክፊሽን በፈረስ ብልጫ ካሸነፋችሁ በኋላ ወደ እሷ ሂዱ፣ ልዩነቱ ይገርማችኋል።

ደካማ ደረጃዎቹስ?

ሊቼስ ላይ ከ1 እስከ 8፣ አፖች ላይ ደግሞ በኢሎ (በሬቲንግ) ቁጥር የሚመረጥ ደረጃ አለ። ይጠቅማል፣ ነገር ግን ጠባዩን እወቁት። እንዲደክም የተደረገ ስቶክፊሽ እንደ ደካማ ሰው አይጫወትም። አሥር እርምጃ እንደ ሊቅ ይሄድና አንዷ ላይ ሆን ተብሎ የመጣ ስህተት ይጥላል፣ ፈረሱን በነጻ ይተዋል። እሱን ስታሸንፉ ያሸነፋችሁት ያንን ስህተት ጠብቃችሁ ነው። ስለዚህ "ደረጃ 6ን አሸነፍኩ" ማለት የእናንተን ሬቲንግ አይነግርም።

የሰው ዓይነት ተጋጣሚ ከፈለጋችሁ ማያን ሞክሩ። ማያ የተሠራችው ከሚሊዮኖች የሰው ጨዋታ ተምራ ሰው የሚጫወተውን እርምጃ እንድትገምት ነው። ሊቼስ ላይ በ1100፣ በ1500 እና በ1900 ደረጃ ሰዎች ጨዋታ የሠለጠኑ ሦስት ዓይነቶች አሏት። ስህተቷ የሰው ስህተት ነው፣ ሰው የሚያልፈውን ታልፋለች፣ ሰው የሚፈራውን ትፈራለች። ለደረጃ መለኪያ ከስቶክፊሽ ደካማ ደረጃዎች ይልቅ እሷን አምናለሁ። ተጋጣሚ በማይገኝበት ቦታ ላሉ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ገጠር ውስጥ ለሚያስተምር መምህር ለምሳሌ፣ ከማያ ጋር መጫወት ከሰው ጋር ለመጫወት የቀረበው ነገር ነው።

ኢንድጌም፦ ኮምፒውተሩ ሲጨክን

እዚህ ላይ ፈተናው ንጹሕ ነው። ሰሌዳው ላይ ሰባት ወይም ከዚያ ያነሰ ጦር ሲቀር መልሱ ሁሉ በስሌት ተፈትቶ አልቋል፣ ሊቼስ ላይ ሰንጠረዡን በነጻ ማየት ይቻላል። "ይመስለኛል" የለም። ማሸነፊያ ነው ወይ አቻ ነው።

ከቀላሉ ጀምሩ። ንጉሥና ሩክ ይዛችሁ ብቻውን የቀረ ንጉሥን ቼክሜት አድርጉ። ከየትኛውም ቦታ ቢጀመር በትክክል ከተጫወታችሁ ቢበዛ በ16 እርምጃ ያልቃል። በ25 ከጨረሳችሁ ደህና ናችሁ። ቢሾፕና ፈረስ ይዞ ቼክሜት ማድረግ ደግሞ ቢበዛ 33 እርምጃ ነው፣ በ50 እርምጃው ሕግ (50 እርምጃ ጦር ሳይበላ፣ ወታደርም ሳይንቀሳቀስ ካለፈ አቻ ነው) ምክንያት ለስህተት የሚተርፋችሁ ትንሽ ነው። ይህን አንዴ የቻለ ሰው ጦር አብሮ እንዴት እንደሚሠራ ይገባዋል።

ከሁሉም የምወደው ግን መከላከሉ ነው። ይህን አቋም አስቀምጡ። ነጭ ንጉሡ ዲ5፣ ወታደሩ ኢ5፣ ሩኩ ኤች7። ጥቁር ንጉሡ ኢ8፣ ሩኩ ኤ6። ተራው የጥቁር ነው፣ ጥቁር እናንተ ናችሁ፣ ነጭ ደግሞ ሙሉ ኃይል ያለው ስቶክፊሽ። አቻ ነው። የፊሊዶር አቋም ይባላል፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ፈረንሳዊ ተጫዋች ስም። ሩካችሁን ስድስተኛው መስመር ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረጋችሁ ጠብቁ፣ የነጭ ንጉሥ እንዳይገባ። ወታደሩ ኢ6 ሲገባ ግን ወዲያው ሩካችሁን እስከ ታች መጀመሪያው መስመር አውርዱና ከኋላ ቼክ መስጠት ጀምሩ፣ ንጉሡ የሚደበቅበት ጥላ የለውም። የዓለም ሻምፒዮን የሚያሸንፍ ማሽን እዚህ አቋም ላይ ምንም ሊያደርጋችሁ አይችልም። ከስቶክፊሽ በሙሉ ኃይሉ ግማሽ ነጥብ የምትወስዱበት ቦታ ይህ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን የተሳካልኝ ጊዜ ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ።

እርማቱ

የአጎቴን "መናገር" የምለው ይህን ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ኢንጂኑን ወዲያው አትክፈቱ። መጀመሪያ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሦስት ቦታ ላይ ቁሙ፣ ያመነታችሁበት ቦታ፣ የተሳሳታችሁ የመሰላችሁ ቦታ፣ ረጅም ያሰባችሁበት ቦታ። እዚያ ሁሉ ላይ "ምን ባደርግ ይሻል ነበር?" የሚለውን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ከዚያ ክፈቱት። ቅኔውን ሳይቆጥር መምህሩ ፊት የቀረበ ተማሪ የሚታረም ነገር የለውም፣ መምህሩ የራሱን ቅኔ ይነግረውና ይሸኘዋል፤ ተማሪው ግን ከእርምጃው አንድ ጋት አልራቀም። ኢንጂንም እንዲሁ ነው፣ ያላሰባችሁትን ስትጠይቁት መልሱን ይሰጣችኋል፣ መልሱም በማግሥቱ ይጠፋል።

ቁጥሩን ስታነቡ ተጠንቀቁ። ድሮ +1 ማለት የአንድ ወታደር ብልጫ ማለት ነበር። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ስቶክፊሽ ላይ +1 ማለት እሱ ራሱ ከራሱ ጋር ቢጫወት ከጨዋታዎቹ ግማሹን የሚያሸንፍበት አቋም ማለት ነው። ለእኔና ለእናንተ +1 ገና ሜዳ ነው። ከ0.3 ወደ 0.6 የተቀየረ ቁጥር ላይ ጊዜ አታጥፉ። ትልቁን ዝላይ ብቻ ፈልጉ።

የኢንጂኑ ምርጥ እርምጃ ለምን ምርጥ እንደሆነ ካልገባችሁ አትሸምድዱት። ይልቅ እናንተ የምትመርጡትን እርምጃ ሰሌዳው ላይ አድርጉና ማሽኑ እንዲመልስ አድርጉ። ሦስት አራት እርምጃ ተከተሉት። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ይወጣል፣ "አሃ፣ ቢሾፑ ሊያዝ ነው" ትላላችሁ። ካልወጣ እለፉት። አንዳንድ የኢንጂን እርምጃ ለሰው አይሆንም።

ስለ ብልሃት ጥቂት ልበል። "መሀሉን ዝጋበት፣ ኮምፒውተር የተዘጋ ጨዋታ አያውቅም" የሚል ምክር ከትልልቆቹ ትሰማላችሁ። ለድሮዎቹ እውነት ነበር። ስቶክፊሽ ከ2020 ጀምሮ ኒውራል ኔትወርክ (ከብዙ አቋሞች ተምሮ አቋም የሚመዝን ሥርዓት) ስለገባበት አሁን ብዙም አይሠራም። ምሽግ ሠርቶ አቻ መውጣት ግን አሁንም አንዳንዴ ይሳካል፣ ኢንጂኑ +2 እያለ ምንም መግቢያ ሲያጣ ታያላችሁ።

ሌላው ነገር ክብር ነው። ኢንጂን ለፈተናና ለእርማት ነው። ከሰው ጋር ስትጫወቱ በድብቅ መክፈት ሌብነት ነው። ሊቼስ አካውንታችሁን ምልክት ያደርግበታል፣ ውድድር ላይ ያስቀጣል፣ ከዚያ በላይ ግን ያ ሁሉ ደብተር የነገራችሁን የራሳችሁን ቁጥር ያጠፋዋል። ቡና ቤታችን ውስጥ ተመልካች አንድ ቃል ቢተነፍስ ሻይ ይከፍላል። በድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ እንኳ አልነበረም፣ የመጀመሪያው ጦር እስኪበላ ሁለቱም እኩል ያሰልፋሉ፣ ወረራ ይሉታል። እሱ ሕጉ ነበር። የእኛ ሕግ ሌላ ነው።

ሳምንቱን እንዴት ትከፍሉታላችሁ? እኔ እንዲህ አድርጌያለሁ። ሁለት ማታ ከሰው ጋር፣ አንድ ማታ ሙሉ ኃይሉን ከከፈትኩት ስቶክፊሽ ጋር አንድ ጨዋታ፣ በማግሥቱ እርማት፣ አንድ ማታ ኢንድጌም ሃያ ደቂቃ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጦር ቀንሶ። ከዚያ በላይ ከማሽን ጋር አልቀመጥም። የደከማችሁ ቀን፣ ከእርሻ ወይም ከሥራ ውላችሁ የመጣችሁ ማታ፣ የመሰበሪያውን ፈተና አትሞክሩ፣ ድካማችሁን ነው የምትለኩት።

የመሰበሪያውን ፈተና በየሦስት ወሩ ድገሙት። ያው ስልክ፣ ያው አንድ ሰከንድ፣ ያው 30 ደቂቃ፣ ያው ሰሌዳ መሆን አለበት፣ አንዱ ከተቀየረ ሁለቱ ቁጥሮች አይነጻጸሩም። የእኔ ባለፈው ክረምት ከ14 ወደ 21 ሄዷል። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ 23 ላይ ነው፣ ከቁጥሩ ጎን አሁን በብዛት የሚጽፈው "ኢንድጌም" የሚለውን ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ከፊሊዶር ልንጀምር ተቀጣጥረናል።